ስም የሌለው ብር

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ሁልጊዜ ከባለቤቴ ጋር ነው የምናነበው፤ ዛሬ ግን ለእሱም ሳልነግረው ነው የምጽፍልዎ።

አምስት ልጆች ነን። አንዱ ወንድማችን አሜሪካ ነው፤ አራታችን እዚሁ አዲስ አበባ ነን። እማዬ 74 ዓመቷ ነው፤ አራት ኪሎ፣ ተወልደን ባደግንበት ቤት ከአክስቴ ልጅ ጋር ትኖራለች። እስከ ዛሬ ዓመት በዓል ሲመጣ አንዱ በግ፣ አንዱ ዶሮና እንቁላል፣ አንዱ ቅቤ፣ አንዱ ነጠላ ወይም ጋቢ እያልን ይዘንላት እንገባ ነበር። ኑሮው እንደሚያውቁት ነው። ደግሞ ስለማንነጋገር አንዳንዴ ሦስታችንም ቅቤ ይዘን እንመጣና በግ ያመጣ ሰው ይጠፋል። ጋቢማ ሳጥኑን ሞልቶታል። ስለዚህ ለፋሲካ እኔ ሐሳብ አቀረብኩ። “ዕቃው ይቅርና ሁላችንም የአቅማችንን በቴሌብር እንላክላት፣ የፈለገችውን ትግዛበት” አልኩ። ታላቅ ወንድማችን “እናት ትጠየቃለች እንጂ ይከፈላታል እንዴ?” ብሎ ተቆጣ። በኋላ ግን እሱም ላከ።

የእማዬ ዓይን ደክሟል። የስልኳን መልእክት የሚያነብላት የጎረቤት ልጅ ነው። ልጁ ምን ያድርግ፣ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ አነበበላት፤ ማን ስንት እንደላከ ቡና ሊጠጡ የተሰበሰቡት ሁሉ ሰሙ። የአሜሪካው 15,000፣ ታላቃችን 6,000፣ እኔና እህቴ አምስት አምስት ሺህ፣ ትንሹ ወንድማችን 500። ትንሹ ሥራ ከፈታ ስምንት ወሩ ነበር። ወሬው ዞሮ ዞሮ ጆሮው ገባና የፋሲካ ዕለት ሳይመጣ ቀረ። እማዬም ብሩን አልነካችውም፤ “ይቀመጥ፣ ለክፉ ቀን ይሆናል” ትላለች። በጉን በመጨረሻዋ ሰዓት ባለቤቴ ሮጦ ገዛ።

አሁን እንቁጣጣሽ እየመጣ ነው። ታላቃችን “ወደ በጉ እንመለስ” ይላል፤ የአሜሪካው “ብር ይሻላል” ይላል። እኔ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ለእናት ብር መስጠት እውነት ነውር ነው?

ሁለተኛዋ ልጅ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ

እህቴ፣ ነውር አይደለም። አንቺም ጥፋተኛ አይደለሽም። የአሰጣጡን ነገር ግን አብረን እንየው፤ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

ለዓመት በዓል ብር መስጠት ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። እኔ ልጅ ሳለሁ በእንቁጣጣሽ ጠዋት ወንድሞቼ ፀሐይና መላእክት በከለር ስለው በየዘመዱ ቤት ይዞሩ ነበር፤ እኛ ሴቶቹ ቄጠማና አደይ አበባ ይዘን አበባየሆሽ እንላለን። የምናገኘው ሳንቲም ነበር። ነሐሴ 13 ለቡሄ ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆች በፊት ሙልሙል ነበር የሚሰጣቸው፤ ዛሬ መሀል ከተማ ላይ አብዛኛው ቤት የሚሰጠው ብር ነው። ይህኛው ያሳዝነኛል፤ እኔ እስከ ዛሬ ሙልሙሌን እጋግራለሁ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በዒድ ጠዋት ለልጆች ብር ያስጨብጣሉ። እንቁጣጣሽ የሚለውን ስም እንኳ ሽማግሌዎች ሲያወጉት ንግሥተ ሳባ ከኢየሩሳሌም ስትመለስ መኳንንቱ “እንቁ ለጣትሽ” ብለው ካበረከቱላት ገጸ በረከት ጋር ያያይዙታል። ስጦታውም ገንዘቡም ቤተኛ ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ በይ። እናቶቻችን ብር ሲሰጡ “እንኪ ብር” አይሉም። “ለቡና መጠጫ” ይላሉ፤ “ለመሳፈሪያ”፣ “ለጧፍ መግዣ”፣ “ለመዋያ” ይላሉ። አማርኛችን ራሱ ብርን ያለ ስም ከእጅ ወደ እጅ አያሳልፍም። በስልክ የላካችሁት ብር ግን ስሙን ጥሎ መጣ፤ ቁጥሩ ብቻ ቀረ። ቁጥር ብቻ ሲሆን ደግሞ ሰው የሚያደርገው ማወዳደር ነው። በዚያ የቡና ሰዓት የሆነውም ይኸው ነው።

ይህን የምልሽ ደርሶብኝ ነው። በ1996 ዓ.ም. አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል እሠራ ነበር። የፋሲካ ሰሞን ሒሳብ መዝጊያ ላይ ወደቀና ቀና ብዬ የማየው ጊዜ አጣሁ። ከዚያ በፊት ለእናቴ ዶሮውንም እንቁላሉንም ራሴ ገዝቼ ነበር የማደርስላት። ያን ዓመት በጸሎተ ሐሙስ ዕለት 200 ብር ፖስታ ውስጥ ከትቼ በቢሯችን ተላላኪ ላክሁላት። ፖስታው ላይ ስሟን ብቻ ጻፍኩ። ገላገለኝ፣ አልኩ።

እናቴ ያኔ 67 ዓመቷ ነበር፤ ቤቷ ቀበና ነው። ዓርብ ስቅለትን ቤተ ክርስቲያን ስትሰግድ ዋለች። አክፍሎትም ነበረች፤ ከዓርብ ጀምራ እህልም ውኃም በአፏ አልዞረም። በማግስቱ፣ በቅዳም ስዑር፣ ብሩን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ የመገናኛ ታክሲ ውስጥ ተጋፍታ ሾላ ወረደች። የዓመት በዓል ዋዜማ ሾላን ታውቂዋለሽ፤ ሰውና በግ በአንድ መንገድ ነው የሚሄደው። ሁለት ዶሮ መርጣ፣ ቅቤ አሽትታ፣ እንቁላልና ሽንኩርት ገዝታ፣ ዶሮዎቹን በእግራቸው አንጠልጥላ የቀበናን ዳገት ወጣች። ከዚያ ማረድ አለ፣ መገነጣጠል አለ፣ 12ቱን ብልት በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ አለ፣ ሽንኩርቱን እስኪቀላ ማቁላላት አለ።

የፋሲካ ጠዋት ስደርስ ዱካ ላይ ተቀምጣ ግራ እግሯን ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፋለች። ለብ ያለ ውኃና ጨው ነው። ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ዳቦ መስሏል። “ምን ሆንሽ?” ስላት “ምንም አይደል፣ ዳገቱ ነው” አለች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ፈልጋ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችና አንድ ትንሽ ጥቅል አወጣች። 46 ብር ከ50 ሳንቲም። እጄ ላይ አድርጋ “መልስሽ ነው” አለችኝ።

አየሽ፣ እኔ ስጦታ የላክሁ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ልጄ ዶሮ እንድገዛላት ልካኛለች ብላ ነው የተረዳችው፤ ደግሞ ትክክል ነበረች። ብር ብቻ ስትልኪ ገበያውንም፣ ዳገቱንም፣ ሰልፉንም አብረሽ ነው የምትልኪው። በጉን ይዘሽ ስትገቢ ያን ሁሉ ተሸክመሽላት መጥተሻል። ጉልበት ላለው ሰው ብር ምቾት ነው። ጉልበቱ ለደከመ ሰው ግን ሥራ ነው። ያን 46 ብር ከ50 ሳንቲም ለረጅም ጊዜ ማጥፋት አቅቶኝ ቦርሳዬ ኪስ ውስጥ ይዤው ዞሬያለሁ።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። ብሩን ያልነኩት ንቀውት አይደለም። እናንተ ስም ስላልሰጣችሁት እሳቸው ስም አወጡለት፤ “ለክፉ ቀን” አሉት። የ74 ዓመት እናት ክፉ ቀን ሲሉ አልጋ መያዝን ወይም ቀብራቸውን እያሰቡ ነው። ለፋሲካ የላካችሁት ገንዘብ እዚያ መዋሉ እኔን ያመኛል፣ አንቺንም ሳያምሽ አይቀርም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ያ የተቀመጠው ብር ላይ ነው። ዓይናቸው ደክሟል ብለሻል። በዚያ ዕድሜ ዓይን ሲደክም ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሞራ ነው፤ ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና የሚነሳ ነገር ነው። መነጽር ብቻ የሚበቃቸውም ሊሆን ይችላል፤ ያንን የሚነግራችሁ ሐኪም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ለእናንተ ሰፈር ቅርብ ነው፣ በዓይን ሕክምናውም የታወቀ ነው። ለአሜሪካው ወንድማችሁ ደውይና “ያ የላክኸው የእማዬ ዓይን መታከሚያ ይሁን” በይው። እሳቸውም ይስሙት፤ “እማዬ፣ የዓይንሽ መታከሚያ ከልጅሽ ነው” በሏቸው። እንዲህ ከተባለ አያስቀምጡትም። ሲሻላቸው ደግሞ መልእክታቸውን ራሳቸው ያነባሉ፤ የጎረቤት ልጅ አያስፈልጋቸውም።

ለእንቁጣጣሹ ብሩን መተው የለባችሁም፤ ግን በቀጥታ ወደ እሳቸው ስልክ አይሂድ። አንቺ ሰብሳቢ ሁኚ። እንደ ዕቁብ ሰብሳቢ ደብተር ያዢ፣ ደብተሩን ግን ባልሽም አይየው። ማን ስንት እንዳዋጣ የምታውቂው አንቺ ብቻ ሁኚ፤ እናትሽ ጋ የሚደርሰው “ከልጆችሽ” ተብሎ አንድ ላይ ነው። ለቅሶ ቤት እድር ሲመጣ የማን መዋጮ እንደሆነ የሚጠይቅ አለ? የለም። የእናት መሶብም እንደዚያው ነው።

ቀኑንም አስቢበት። የዋዜማ ብር ለማንም አይጠቅም፤ ገበያው በዚያን ቀን ነው የሚያብደው። መዋጮው ነሐሴ አጋማሽ ላይ ይለቅ። ቅቤው ሳይወደድ ተገዝቶ፣ ተነጥሮ ይቀመጣል፤ ሽንኩርቱም እንደዚሁ። እናትሽን ግን አስቀድመሽ ጠይቂያቸው፤ ራሳቸው መግዛት የሚወዱት ነገር ይኖራል። የእኔ እናት ቅቤ በማንም አታስገዛም ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ቅቤ የሸጠችላት ደንበኛ ነበረቻት፤ እዚያ ቁጭ ብላ ካላወራች ዓመት በዓል የደረሰ አይመስላትም። እናትሽም እንዲህ ያለ ነገር ካላቸው ለዚያ የሚበቃውን በጥሬው እጃቸው ላይ አድርጊ፤ “ይኸ የቅቤሽ ነው” ብለሽ ስጪያቸው፤ የአክስትሽ ልጅ ደግሞ ይዛቸው ትሂድ፣ መመለሻቸው በታክሲ ሳይሆን በኮንትራት ይሁን። የኮንትራቱንም ስም ጥሪላቸው፤ “የመሳፈሪያሽ” በያቸው፤ አለዚያ ቆጥበው በእግራቸው ይመጣሉ። ሙሉ በግ በዝቶባቸው እንደሆነም የሰፈሩ ቅርጫ ውስጥ አንድ መደብ ያዙላቸው። ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ መብላት ለአንዳንድ እናት ከበጉ ይበልጣል።

ታላቅ ወንድምሽ “እናት ትጠየቃለች” ያለውን አትናቂበት። ቃሉ ሻካራ ነው፣ ነገሩ ግን ልክ ነው። ብሩ ቀድሞ ገብቷል ብላችሁ የዓመት በዓሉ ዕለት ብትቀሩ እኔም ከእሱ ጋር ነው የምሰለፈው። በዚያን ቀን ደግሞ ማንም ባዶ እጁን አይግባ። ብሩ ቢዋጣም ትንሽ ነገር በእጅ ትያዝ፤ አንድ ኪሎ ቡና፣ አንድ እቅፍ ቄጠማ ይበቃል። ደጃፉ ላይ የሚታየው እሱ ነው።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን ትንሹ ወንድምሽ ነው። ሥራ የፈታ ሰው 500 ብር ሲልክ ከኪሱ ሳይሆን ከጉሮሮው ነው የሚያወጣው። እኔ ብሆን ከአምስታችሁ ስጦታ ትልቁ የእሱ ነው እላለሁ፤ እናትሽም እንዲህ እንደሚሉ አልጠራጠርም፤ ለእሱ የነገረው ግን የለም። ስለዚህ እንቁጣጣሽ እስኪመጣ አትጠብቂ፤ በዚህ ሳምንት ሄደሽ አግኚው። ስለ ፋሲካው አታንሺበት። “በጉን የሚመርጥልን አጣን፤ አንተ ነህ የምታውቀው፣ ሾላ በግ ተራ ውረድልን” በይው። የበጉን መግዣ ከመዋጮው አውጥተሽ ለብቻችሁ ስትሆኑ ስጪው። ላቱን ጨብጦ፣ ወገቡን ዳብሶ፣ ጥርሱን አይቶ፣ ተከራክሮ ይግዛ። በጉን እየጎተተ በእናቱ በር የሚገባው እሱ ይሁን። እዚህ ያላችሁት ሦስታችሁ ደግሞ ከኋላው ግቡ። መዋጮ ሲሰበሰብ አትጠይቂው፤ ራሱ ካመጣ ግን 50 ብርም ቢሆን ተቀበዪው፣ ደብተርሽም ላይ እንደ ሌላው ጻፊው።

ለባልሽም ንገሪው እንጂ። በዋዜማ ሮጦ በግ የገዛ ሰው ከዚህ ነገር ሊወጣ አይገባም።

ጥያቄ

እኔ ላጤ ነኝ፤ መሥሪያ ቤቴ ስታዲየም አካባቢ ነው። የወንድሞቼና የእህቶቼ ልጆች ዘጠኝ ናቸው። ለአዲስ ዓመት ለሁሉም ልብስ መግዛት ከአቅሜ በላይ ሆኗል። ብር ብሰጣቸው ወላጆቻቸው ቅር ይላቸው ይሆን? ስንትስ ልስጥ?

አጎት

መልስ

ወንድሜ፣ ቅር አይላቸውም። በመስከረም የልብስ ችግር ካለበት ቤት የደብተር ችግር ያለበት ይበዛል፤ ምዝገባው፣ ዩኒፎርሙ፣ ደብተሩ ሁሉ በአንድ ሳምንት ነው የሚመጣው። “የደብተር መግዣ” ብለህ ስጣቸው። ስንት ለሚለው፣ ኪስህን ከእኔ የበለጠ አንተ ታውቀዋለህ፤ ጳጉሜን ግን አትርሳት። አምስት ቀን ናት፣ በየአራት ዓመቱ ስድስት ትሆናለች፤ ደመወዝ የላትም። የነሐሴ ደመወዝህ እሷን ተሻግሮ እስከ መስከረም መጨረሻ መድረስ አለበት። እንደ ዕድሜያቸው አበላልጥ፤ እኩያዎች የሆኑትን ግን በአንድ ብር እንኳ አታለያይ፤ መንገድ ላይ ቆጥረው ይነጋገራሉ።

ከባንክ አዲስ ብር ጠይቀህ ያዝ፤ ልጅ ያልታጠፈ ብር ይወዳል። ለወላጆቻቸው በስልክ አትላክላቸው፤ በዚያ መንገድ የሄደ የልጅ ብር ዘይትና ጤፍ ሆኖ ነው የሚቀረው። በእጃቸው ስጣቸው። ሥዕል ስለው ካመጡልህ ቁጭ ብለህ እየው፤ ይህች ምንድን ናት፣ ይኸ መልአክ ለምን ክንፉ አረንጓዴ ሆነ ብለህ ጠይቅ፤ ብሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ሥዕሎቹን ቤትህ ግድግዳ ላይ ለጥፋቸው፤ ለገና ሲመጡ መጀመሪያ የሚፈልጉት እሱን ነው።